ኮሪደሩ ላይ ጎበዝ ነበሩ

ጥቅምት 6

የፊዚዮቴራፒ ሥራ ከጀመርኩ ገና ወር አልሞላኝም። ዛሬም እንደ ትናንቱ… ጠዋት አንድ የተሰበረ ክርን፣ ሁለት ወገብ፣ አንገቷ አልዞር ያለ ጸሐፊ። ክፍላችን ጠባብ ናት። አልጋ፣ ትልቅ ኳስ፣ ግድግዳ ላይ መስታወት፣ ጥግ ላይ ማንም የማይነዳው ብስክሌት። ሰው ማራመድ ካስፈለገ ኮሪደር መውጣት ነው። ኮሪደሩ ረጅም፣ ወለሉ ጥቁርና ነጭ ሴራሚክ። ሁሌ የጽዳት መድኃኒት ይሸታል።

ረፋዱ ላይ አለቃዬ አንድ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገች። "ምሩቋ፣ ይኸው ያንቺ።" ስሜን ታውቀዋለች። መጥራት አትፈልግም።

ፓርኪንሰን፣ እንቅስቃሴን የሚያስረው የነርቭ በሽታ። የመጀመሪያዬ! ትምህርት ቤት ያየነው በቪዲዮ ብቻ ነው።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው። ገና ግቢ ሲገቡ ዘበኛው "ዳኛው! ያቺን ፔናሊቲ ከልክለውን…" አላቸው። "ኳሷ እጁን አልነካችም" አሉ ሳይዞሩ። ፊታቸው አይስቅም። በሽታው ፊትን ያደርቃል ተብለን ተምረናል… ወይስ ዳኝነቱ ነው? መለየት አልቻልኩም።

ከወንበር ተነስተው፣ ተራምደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው እንዲቀመጡ ጠየቅኳቸው። የሰከንድ ሰዓቴን ሳወጣ፦ "እሱ የኔ ዕቃ ነበር።" ለመነሳት ደጋግመው ሞከሩ። እርምጃቸው አጭር፣ መሬት ለመሬት። ቀኝ እጃቸው አይወዛወዝም፤ የሰው እጅ ተውሰው የያዙት ይመስላል። ሲዞሩ ባሉበት፣ ኩስ ኩስ…

ከዚያ ሚዛን። ከኋላቸው ቆሜ፣ "ጋሼ፣ ትከሻዎን ወደ ኋላ እጎትታለሁ። እንዳይወድቁ እግርዎን ወደ ኋላ ያንሱ" አልኳቸው። ጎተትኩ። እግራቸው አልተነሳም። እንደ ቁም ሳጥን ሙሉ ለሙሉ መጡብኝ። ለጥቂት ያዝኳቸው። "ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ኋላ ሮጫለሁ" አሉ ደረቴ ላይ እንደተደገፉ። "ዳኛ ለኳስ ጀርባውን አይሰጥማ።" ቀልድ መሰለኝ።

ልጃቸው አብራ ነበረች። ባንክ ነው የምትሠራው። ስታወራ የመኪና ቁልፏን እጇ ላይ ታሽከረክራለች። "እውነቱን ንገሪኝ እህቴ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ቤቴ ከሱ ቤት ዋናውን መንገድ ተሻግሮ ነው፤ እኔ ጋ ግባ ብለው ሞቼ እገኛለሁ አለ።"

"እሷ ጋ እንግዳ ነኝ" አሉ ዳኛው። "እንግዳ ደግሞ ቴሌቪዥን አይመርጥም።"

ተስማማን። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ልምምድ። ያኔ እንገመግማለን። "አንቺ ይችላል ካልሽ እዛው ይኖራል" አለች ልጅቱ። "አይችልም ካልሽ ዕቃውን እጭናለሁ።"

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። "እንግዲህ ዳኛዋ አንቺ ነሽ።"

ጥቅምት 7

መጽሐፎቼን አወጣሁ። ሚዛን፣ አረማመድ፣ አወዳደቅ… ሁሉንም በቢጫ አሰመርኩባቸው። ይሻላቸዋል። እርግጠኛ ነኝ።

ጥቅምት 9

እናቴ ላይ ሞከርኩ። ሳሎን መሃል አቁሜ ሳትዘጋጅ ከኋላ ጎተትኳት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ዞራ ክንዴን በጥፊ። "ጤነኛ ነሽ" አልኳት። "አንቺስ?" አለችኝ።

ጥቅምት 13

ልምምድ ተጀመረ። ቀጠሯችን ሁሌም ረፋድ አራት ሰዓት። ልጃቸው ከሥራ ወጣ ብላ ልታመጣቸው የምትችለው ያኔ ብቻ ነው።

መነሳት፦ መቀመጫ ወደ ወንበሩ ጫፍ፣ እግር ወደ ኋላ ሰብሰብ፣ አፍንጫ ከጉልበት አለፍ፣ ከዚያ ብድግ። "አፍንጫዬን ልከተል ነዋ።" አዎ፣ ልክ እንደሱ። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ያለ እጅ ተነሱ።

መራመድ፦ ትልቅ። ሁሉ ነገር ትልቅ። በሽታው መለኪያውን ያሳንሰዋል፤ ለሳቸው የተጋነነ የመሰላቸው እርምጃ ለኛ ልኩ ነው። "ጋሼ፣ እስኪያሳፍርዎ ድረስ ይራመዱ" አልኳቸው። "ተዋናይ አይደለሁም።" ምን ልበል? ትንሽ አሰብኩና፣ "ተጫዋች ሳይነካ ሲወድቅ እንዴት ነው የሚያጋንነው?" ይሄ ገባቸው። ኮሪደሩን ሲወርዱት ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እግሩን ሰበሰበ።

ጥቅምት 20

ስህተት። ትንሽ። ከኋላ ሆኜ "ጎበዝ ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ እግራቸው ተሳሰረ። ግድግዳው ያዛቸው። መራመድና ማውራት ለሳቸው ሁለት ሥራ ነው። ይሄን አውቃለሁ እኮ… ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ።

አለቃዬ ከቢሮዋ በር ላይ፦ "ምሩቋ፣ የሰውየውን እግር ተይና መጀመሪያ ምላስሽን አሠልጥኝ።"

ዝም ማለት ለምን እንዲህ ይከብደኛል?

ጥቅምት 29

ሲዞሩ አሁን እንደ መኪና ናቸው፤ ባሉበት አይሽከረከሩም፣ ሰፋ አድርገው ይዞራሉ። ቀኝ እጃቸው መወዛወዝ ጀመረ። የሰከንዱ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን በሲሶ ወርዷል። ማመን ስላቃተኝ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

አለቃዬ ቢሮ ድረስ ሮጬ ሄድኩ። ሻይዋን እያማሰለች ሰማችኝ። "ጥሩ ነው።"

በቃ? ጥሩ ነው ብቻ?

ኅዳር 4

እረፍት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠየቅኳቸው። ዳኝነት ምኑ ነው የሚከብደው? ሩጫው?

"አይደለም።"

ስድቡ?

"ስድቡ ከአበሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።" ድምፃቸው ደክሟል፣ ጠጋ ካላሉ አይሰማም። "አለማፏጨት ነው የሚከብደው። ልጁ ይጠለፋል፣ ይንገዳገዳል። ፊሽካው አፍሽ ውስጥ ነው። ሕዝቡ ንፊ፣ ንፊ ይላል። ግን አልወደቀም… ኳሷ አሁንም እግሩ ሥር ናት። ከነፋሽ ሊያገባው የነበረውን ጎል ትቀሚዋለሽ። ስለዚህ ትጠብቂያለሽ።"

"እስከ መቼ?"

"እሱ ነዋ ከባዱ። ጀማሪ ዳኛ ግን ወዲያው ይታወቃል። ያየውን ሁሉ ያፏጫል።"

እኔን ማለታቸው ነው? ፊታቸው አይናገርም።

ኅዳር 11

"ቤትስ እንዴት ነው ጋሼ?"

"ቤት… ትንሽ ይከብዳል።"

"ልምምዱን በየቀኑ ይሠሩታል?"

"እሠራለሁ።"

"እንግዲያው ይለመዳል።" ከዚያ መስታወቱ ፊት አቁሜ ክንድ አሠራኋቸው።

ኅዳር 17

ልጃቸው ዛሬ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። መሥሪያ ቤቷ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሊልካት ነው፤ ለሳምንት። "ጎረቤት እንዲያድርለት ልለምን? ወይስ ጉዞው ይቅርብኝ?"

ዳኛው ይሄን ሲሰሙ አፍንጫቸውን ተከትለው ብድግ አሉ። ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ወርደው፣ እንደ መኪና ዞረው፣ ተመልሰው ከፊቷ ቆሙ። ማንም አላዘዛቸውም።

"አየሽ" አልኳት። "ይችላሉ። ብቻቸውን ይችላሉ።"

የመጨረሻው ግምገማ ገና ነው። ግን ቁጥሩ እጄ ላይ አለ… ሌላ ምን ይጠበቃል? ልጅቱ አመሰገነችኝ፤ ቁልፏን ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየሁ። ዳኛው በሩ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉልኝ።

አለቃዬን አልጠየቅኳትም።

ኅዳር 22

ወደቁ።

ጠዋት፣ ማድ ቤት በር ላይ። ክኒናቸውን ሊውጡ ውሃ ፍለጋ ሲሄዱ። ቅንድባቸው ተሰፍቷል። የእጃቸው አንጓ አብጧል፣ አልተሰበረም። ጎረቤት ነው በመስኮት አይቶ የገባው። ወለሉ ላይ ምን ያህል እንደቆዩ ሲጠየቁ "ትንሽ" ነው የሚሉት።

ልጃቸው ከሄደችበት ደወለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አንቺ ነሽ ይችላሉ ያልሽኝ።"

"አዎ።"

"ታኅሣሥን አልጠብቅም። እንደተመለስኩ ዕቃውን እጭናለሁ።"

"እሺ" አልኩ። ምን መብት አለኝ?

ኅዳር 25

ቅንድባቸው ላይ ፋሻ እንዳለ መጡ። ልጃቸው ከጉዞዋ ተመልሳለች፤ ዕቃ የሚጭን መኪና የምታገኘው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እዛው ኮሪደር ላይ እንደገና ለካኋቸው። ቆንጆ አረማመድ። ቁጥሩም ያው፣ እንዲያውም ሻል ያለ።

ልጃቸው እንባዋ መጣ። "አባዬ፣ እዚህ እንዲህ እየሄድክ እቤት ምን ትሆናለህ? እኔ ስሄድ ጠብቀህ ነው? እኔን ለመቅጣት ነው?"

"ቢጫ ካርድ አለብሽ" አሉ። ግን ዓይኗን አላዩም።

ጡንቻው አለ። ቁጥሩ አለ። አረማመዱን በዓይኔ አየሁት። ታዲያ ምን ጣላቸው?

ኅዳር 27

አለቃዬን ቤታቸው ልሂድ ብዬ ጠየቅኳት።

"ቤት ለቤት አንሄድም። መኪና የለን፣ ሰው የለን።"

"በእረፍት ቀኔ፣ በእግሬ።"

"ስንት ሰዓት ልትሄጂ?"

"አራት ሰዓት። እንደ ቀጠሯችን።"

መነጽሯን አወለቀች። "ስንት ሰዓት ነው የወደቁት?"

"ማለዳ… አንድ ሰዓት አካባቢ። ክኒኑን ከመውሰዳቸው በፊት።"

"እና?"

ደደብ ነኝ። አራት ሰዓት ላይ ክኒኑ በደንብ ሠርቶ ነው እኔ ጋ የሚመጡት። የሚያምርባቸውን ሰዓት ብቻ ነው የማውቀው። አንድ ሰዓት እሄዳለሁ።

ኅዳር 28

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ካንኳኳሁ በኋላ ረጅም ጊዜ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ውስጥ የጫማ ድምፅ እየመጣ፣ እየቆመ፣ እየመጣ።

ንጹሕ ቤት። ወለሉ ሊሾ ነው፣ ግራጫ፣ ከጥግ እስከ ጥግ የሚያብለጨልጭ። አንድ ሶፋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን። ግድግዳው ላይ ፎቶ፦ በሁለት አምበሎች መሃል ኳስ በብብታቸው ይዘው፣ ቀጭን፣ ኮስታራ። ያኔም አይስቁም ነበር እንግዲህ።

ክኒኑ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። "እስቲ እንደ ሁልጊዜዎ ውሃ ይቅዱ" አልኳቸው።

ጥሩ ጀመሩ። ወደ ማድ ቤቱ በር ሲጠጉ እርምጃው አጠረ… አጠረ… ቆመ። በሩ ጠባብ ነው። እግራቸው ሊሾው ላይ ተለጠፈ። ገላቸው ግን አልቆመም፤ ወደ ፊት ያዘነብላል። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ከአጠገቤ ሲሆን ግን እንዲህ አልመሰለኝም።

እኔስ ምን አደረግኩ? እጃቸውን ይዤ ጎተትኩ።

"አትጎትቺኝ!"

ሲቆጡ የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለቀቅኳቸው። የበሩን ጠርዝ ይዘው ቆዩ። ከዚያ አንደኛው እግር በራሱ ጊዜ ተነሳ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ጠዋት ጠዋት ይብሳል። በር ላይ ይብሳል።"

"ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?"

"ነግሬሻለሁ።"

ቤት ትንሽ ይከብዳል። አዎ። ነግረውኛል።

"ሙሉውን ማለቴ ነው።"

"ሙሉውን ብነግርሽ ቤቴን ትወስጂብኝ ነበር።" ክኒኑን ዋጡ። "እናንተ ጋ ደግሞ አይይዘኝም። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ዝም አልኩ።"

ኅዳር 30

ኮሪደሩ ላይ ናቸው። ዛሬ ሰዓት አልያዝኩም፤ ዝም ብዬ እግራቸውን አየሁ።

ጥቁሩን ይረግጣሉ። ነጩን ይሻገራሉ። ጥቁሩን ይረግጣሉ። ነጩን ይሻገራሉ።

ስንት ሳምንት ሙሉ እያየሁት! የክፍላችን በር እንኳ ሰፊ ነው፤ ሴራሚኩም ሳይቋረጥ ያልፍበታል።

በጓሮ በር ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰድኳቸው። ያው ሰዓት፣ ያው ክኒን፣ ያው ጫማ። ጥቁር አስፋልት፣ ምንም ምልክት የለው። በሁለት መኪኖች መሃል ይለፉ አልኳቸው። ተያዙ። አልጎተትኩም። ሲለቃቸው ወደ ኮሪደሩ መለስኳቸው… እንደ ጎረምሳ ሄዱ።

ስለዚህ የለካሁት ወለሉን ነው። እሳቸውን አይደለም።

መስመር እግርን እንደሚረዳ አንብቤያለሁ። ዓይን የሚሻገረው ነገር ሲያገኝ እግር ይነሳል። እንደ ሕክምና ነበር የማውቀው፣ አንድ ቀን የምሰጠው። ኮሪደሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየሰጣቸው ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኳት። ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ወለሉን አየችው። "እዚህ ላይ ሰው ማራመድ ከጀመርን…" ብላ አልጨረሰችውም። ሻይዋን ይዛ ገባች።

ታኅሣሥ 2

ልጃቸውን ባንኳ ድረስ ሄጄ አገኘኋት። ሰው ሲወጣ ሲገባ፣ በሩ ላይ ቆመን።

"ተሳስቻለሁ" አልኳት። "ይችላሉ ስልሽ የማውቀው ኮሪደራችንን ነበር።" ሁሉንም ነገርኳት፤ ሴራሚኩን፣ ሰዓቱን፣ በሩን።

"አሁንስ ምን ታውቂያለሽ?"

"ገና አላውቅም። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ስጪኝ። እዛው ቤታቸው ልሥራ።"

ቁልፏን አሽከረከረች። አቆመች። "እስከዚያ እኔ እዛ አድራለሁ። ያ ሶፋ ወገቤን ይቆርጠዋል፣ እወቂ። ከዚያ ያንቺው ታካሚ ነኝ።"



ታኅሣሥ 5

ሰፊ ነጭ ፕላስተር ገዛሁ። ከአልጋቸው እስከ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት እስከ መታጠቢያ፣ ሊሾው ላይ አግድም አግድም ለጠፍኩ። በመጀመሪያ በራሴ እርምጃ ለካሁ።

"የማንን እግር ነው የምትለኪው?" አሉ ከወደቁ ወዲህ በያዙት ከዘራ እያመለከቱ። ልክ ናቸው። ነቅዬ በሳቸው ሰፋ አደረግኩት። "ይሄኛው ጠማማ ነው። የመስመር ዳኛዬ ቢያይሽ ያለቅስ ነበር።" ተንበርክኬ አቃናሁ። ልጃቸው መቀስ ይዛ ትከተለኛለች። "አባዬ፣ ተንበርክከን እንኳ አትምረንም?" "ሜዳው ካልተስተካከለ ጨዋታ አይጀመርም።"

ከዚያ ቆሙ። ወለሉን አዩ። "ቤቴን ሜዳ አደረጋችሁት።" ሄዱ። በሩ ጋ ደረሱ… መስመሩ ራሱ በሩ ሥር ነው። ተሻገሩት። ማድ ቤት ገብተው በብርጭቆ ውሃ ይዘው ወጡ። ትንሽ ፈሰሰ።

ልጃቸው ማድ ቤት ገባች። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማ ነበር።

ታኅሣሥ 12

መስመር የሌለበትስ? መንገዱን ሁሉ ፕላስተር አለብሰው?

ደጅ ወጣን። ሲያዙ ምን እንደሚያደርጉ ተለማመድን። መጀመሪያ መቆም፤ ካልተነሳ እግር ጋር አለመታገል። ቀጥ ማለት። ክብደትን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ… ከዚያ አንድ ትልቅ እርምጃ።

"በረኛ ፔናሊቲ ሲጠብቅ እንዲህ ነው የሚያደርገው" አሉ። "ግራ ቀኝ። እግሩ እንዳይተኛበት።"

የኔ ሥራ አጠገባቸው መቆም ነው። አለመጎተት። አለማውራት።

"ትንፋሽሽ ይሰማኛል" አሉ ሲለቃቸው። "እሱንም ቀንሺው።"

ታኅሣሥ 15

አለቃዬ ዛሬ የራሷን ታካሚ ይዛ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣች። በመስኮት አየኋት።

ታኅሣሥ 24

ግምገማው። በቤታቸው፣ በማለዳ፣ ክኒኑ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ። ልጃቸው ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ገና አልታጠፈም።

መነሳት፦ በሁለተኛው ሙከራ። መራመድ፦ በመስመሩ፣ ጥሩ። በሩ፦ ትንሽ አመነቱ፣ አለፉ። መዞር፦ ሰፊ። ከዚያ ከኋላቸው ቆሜ ጎተትኩ። እግራቸው ተነሳ፣ አንዴ፣ ሁለቴ… ግን አልቆሙም፣ ወደ ኋላ መሄዳቸውን ቀጠሉ። ያዝኳቸው። ባልይዛቸው ሊሾው ላይ ነበሩ።

ክኒኑን ወሰዱ። እስኪሠራ ቁጭ ብለን ጠበቅን። የድሮ ጨዋታ በቴሌቪዥን አየን፣ ያለ ድምፅ፤ ዳኛውን ብቻ ነው የሚያዩት። ከዚያ ደገምን። አሁን ሲጎተቱ አፈገፈጉና ቆሙ። በራሳቸው።

ልጅቱ፦ "ይችላል ወይስ አይችልም?"

ሁለቱም አዩኝ። ለዚች ጥያቄ ስንት ጊዜ ተዘጋጅቻለሁ… አዎ ማለት ነበር የምፈልገው። እሳቸውም ያውቃሉ።

"ክኒኑ ከሠራ በኋላ፣ በዚህ ቤት፣ በዚህ መስመር፣ ይችላሉ። ከክኒኑ በፊት አይችሉም። መስመሩ ቢኖርም።"

"ሌሊትስ?"

"ሌሊትም አይችሉም።"

ዳኛው እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ፤ የሌለ ካርድ አውጥተው ከፍ አድርገው ያዙልኝ። ቀለሙን አልጠየቅኩም። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 27

ልጃቸው ደወለች። አባቷ ቀኑን ሙሉ አኩርፈው ውለው ማታ ላይ ሐሳብ አቀረቡ አለችኝ። ሌሊት እሷ ጋ ሊያድሩ። ጠዋት ክኒኑ ሲሠራ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ። ማንም ሳያደርሳቸው፣ በእግራቸው።

"ሲመሽ ላንቺ፣ ሲነጋ ለኔ። አቻ ነው አለኝ" አለች እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። "መንገዱ ላይ ግን መስመር የለም።"

"የለም" አልኳት።

"ይችላል?"

"ቆም ብለው መጠበቅ ያውቃሉ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባልሽም።"

ጥር 3

ልጅቱ ቤቷን በፕላስተር እንደሞላችው ነገሩኝ ዳኛው። "የሷ መስመር ካንቺ ይሻላል" አሉ። ስለ ካርዱ ሁለታችንም አላነሳንም።

ጥር 16

ዛሬ ወደ ሥራ ስሄድ በዋናው መንገድ በኩል ዞርኩ። አጋጣሚ ነው ብል ራሴን መዋሸት ነው።

ከማዶ ብቅ አሉ። ባርኔጣቸው፣ ከዘራቸው። ጥሩ እየመጡ ነው፣ ትልቅ ትልቅ እርምጃ። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ተያዙ። ታች አስፋልት ነው፤ የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ድሮ ተፍቆ አልቋል። አንድ ሚኒባስ ቆመላቸው። ሾፌሩ በእጁ እለፉ፣ እለፉ ይላል። እሳቸው አይንቀሳቀሱም። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ከኋላ ያለውም ነፋ።

"ጋሼ" ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እግሬም ከጠርዙ ወርዷል። መለስኩት። የመብራቱን እንጨት ያዝኩ። ብጠራቸው ወደኔ ያያሉ፣ ሊመልሱ ይሞክራሉ… ትንፋሼን ቀነስኩ። ማዶ ለማዶ እንደማይሰማቸው እያወቅኩ።

ከጥሩንባው ጋር አልታገሉም። ቀጥ አሉ። ከዘራቸውን አደላደሉ። ወደ ቀኝ። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ።

ምን ያህል ቆዩ? አላውቅም። ሰዓቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም።

ከዚያ አንድ ትልቅ እርምጃ። ለሌላ ሰው የሚያሳፍር። ሚኒባሱን አለፉት፣ ለሾፌሩ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው፣ ሳያዩት። ከኔ ትንሽ ራቅ ብለው ወጡና ወደ ቤታቸው ቅያስ ታጠፉ፤ ሰፋ አድርገው፣ እንደ መኪና። የበራቸው ቁልፍ በእጃቸው ነበር።

አላዩኝም። ወይም አይተው ዝም አሉ።

አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ በሩ ላይ ነበረች።

"ዘግይተሻል።"

"አዎ።"

"የት ነበርሽ?"

"ሰው መንገድ ሲሻገር ቆሜ እያየሁ።"

ለአፍታ አየችኝ። "ተሻገሩ?"

"ተሻገሩ።"

"ያዝሻቸው?"

"አልያዝኳቸውም።"

ፋይል ሰጠችኝ። አዲስ ታካሚ። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ፣ ከዚያ ሻይዋን ልትቀዳ ሄደች።